ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀቱ የታለ?

ባለፈው ዲሴምበር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሞተርሆም ተከራይተን ግራንድ ካንየንን ልናይ አሪዞና ሄድን። ሞተርሆም ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ማሞቂያ ያለው፣ ሞተር የተገጠመለት ቤት ነው በሉት። የካንየኑ ደቡባዊ ጠርዝ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም፣ ብርዱ ግን ጭራሽ አይገናኝም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቆፈን ቀሰቀሰን። የማሞቂያው ማራገቢያ ይዞራል፣ የሚነፍሰው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዝም አለ። አንዱ ጓደኛችን ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ «በቃ ምድጃውን ለኩሰን እንተኛ» አለ።

እኔ ለምን እምቢ እንዳልኩ ከመናገሬ በፊት ማሞቂያው ምን እያደረገ እንደነበር እንይ። ብዙ ሰው ማራገቢያው ሲዞር ማሞቂያው ሥራ የጀመረ ይመስለዋል። አልጀመረም፤ ገና እያጣራ ነው። ቴርሞስታቱ «ቀዝቅዟል» ሲል መጀመሪያ የሚነሳው ማራገቢያው ብቻ ነው። ለ15 ሰከንድ ያህል ያለ ጋዝ እየዞረ፣ ከማቃጠያው ክፍል ውስጥ የቀረ ጋዝ ካለ ጠርጎ ወደ ውጭ ያስወጣል። በነፋሱ መንገድ ላይ ስስ ቅጠል የተያያዘባት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ሴይል ስዊች ይሏታል። ነፋሱ ቅጠሏን በበቂ ኃይል ሲገፋት መስመሩ ይገናኛል፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱም አየር መኖሩን ያምናል። የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ብልጭታ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ቦርዱ እሳቱ መያያዙን በምን ያውቃል? ዓይን የለውም። ነበልባል ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከሙ አዮኖች ስላሉ፣ ነበልባል ራሱ ደካማ ሽቦ ነው ማለት ይቻላል። ቦርዱ ነበልባሉ ውስጥ በገባች የብረት ዘንግ በኩል ቮልቴጅ ይልክና እሳቱን አቋርጦ የሚያልፈውን፣ በማይክሮአምፔር የሚለካ ከረንት ይጠብቃል። 7 ሰከንድ ገደማ ጠብቆ ካጣው ቫልቩን ይዘጋል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልሆነላቸው፣ ቴርሞስታቱን አጥፍታችሁ እስክታበሩት ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ማሞቂያው እምቢ ሲል ጆሯችሁን ስጡት። ማራገቢያው ጭራሽ ካልተነሳ ጥፋቱ ከጋዙ አይደለም፤ ፊውዝ፣ ቴርሞስታት ወይም ባትሪ ነው። ዞሮ ዞሮ የብልጭታው «ጠቅ ጠቅ» ካልተሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሏ በደንብ አልተገፋችም ማለት ነው። ጠቅ ጠቅ ብሎ ካልተያያዘ ጋዝ አልደረሰው ይሆናል፤ ምድጃውን ለአፍታ ለኩሳችሁ እዩት። የምድጃውም ነበልባል ከደከመ ሲሊንደሩን ወይም ሬጉሌተሩን ጠርጥሩ። ተያይዞ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያቺ ዘንግ ቆሽሻ ወይም የግራውንድ ሽቦው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

«ጋዙ በብርዱ ምክንያት ተኝቶ ይሆናል» ያለም ነበር። ቡቴን ቢሆን ልክ ነው፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተንናል። የእኛ ብርድ እዚያ አይደርስም።

የእኛ ማሞቂያ ጠቅ ጠቅ አላለም። የኢንጂነር በሽታ ሆኖብኝ መልቲሜትር ይዤ ነው የምጓዘው፤ ባትሪውን ለካሁት። ሁሉም ነገር ጠፍቶ 12.1 ቮልት፣ ማራገቢያው ሲነሳ ደግሞ 10.3። እንዲህ ያሉ ማሞቂያዎች በአብዛኛው ቢያንስ 10.5 ቮልት ይፈልጋሉ። አምፖሉ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የአራት ሰው ስልክ ሲመጠው ያመሸ ባትሪ፣ በዚያ ላይ ብርዱ አቅሙን ቀንሶታል። ማራገቢያው ለጆሮ ደህና የሚዞር ይመስላል። ነገር ግን ነፋስ ቅጠሏን የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፦ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ ግፊቱ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ጋዝ ሞልቶ በኤሌክትሪክ እጦት በረድን።

እዚህ ላይ ነው አደገኛው ምክር የሚመጣው፦ «የማብሪያዋን ሁለት ሽቦ አገናኝና እለፈው።» ይሠራል፣ አዎ። ቦርዱ ግን ከዚያ በኋላ አየር ይኑር አይኑር አያውቅም፤ በተርብ ቤት የተደፈነ የጭስ መውጫ ላይም፣ በደከመ ማራገቢያ ላይም ጋዝ ይከፍታል። እኔ ያቺን ማብሪያ የተበላሸ ዕቃ ሳይሆን ምስክር አድርጌ ነው የማያት። ምስክሯን ዝም ማሰኘት መፍትሔ አይመስለኝም።

የምድጃው ሐሳብስ? ማሞቂያው የሚያቃጥለውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ ነው የሚተፋው፤ እናንተ የምትተነፍሱት አየር ከእሳቱ ጋር አይገናኝም። ምድጃ ግን የሚያቃጥለው የክፍላችሁን አየር ነው። አንድ የፕሮፔን ሞለኪውል በደንብ ለመቃጠል አምስት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይፈልጋል። በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑ ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ከሄሞግሎቢን ጋር ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ተጣብቆ ይይዛል። ከሰል ቤት አስገብቶ የመተኛትን አደጋ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ነገሩ ያው ነው፣ የሚለየው ሰማያዊው ነበልባል ንጹሕ መምሰሉ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ጉንፋን ይለዋል፣ ይተኛል።

የሚሸተው ፕሮፔኑ ራሱ ነው፤ የገማ እንቁላል ሽታ ሆን ተብሎ ይጨመርበታል። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የጋዝ አላርሙ ከታች የሚገጠመው ለዚህ ነው። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ውጡና ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉት።

እኛ የመኪናውን ሞተር አስነሳን። የቤቱ ባትሪ 13 ቮልት አለፈ፤ ቴርሞስታቱን አጥፍቼ ሳበራው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ «ቡፍ»። የሞተር ጭስም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን አየን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን መሞከሪያ ተጫንን፣ ጮኸልን። ሞተሩ እስኪጠፋ አንዳችን ነቅተን ቆየን።

ጠዋት አላርሙን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። አገልግሎቱ የሚያበቃበት ዓመት ታትሞበታል፤ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የመሞከሪያው ቁልፍ የሚፈትነው ጩኸቱንና ኤሌክትሮኒክሱን እንጂ ጋዙን የሚያሸተውን ሴንሰር አይደለም። ለአከራዮቹ ደውለን ባትሪውንም አላርሙንም አስቀየርን።