ወይባን ወይራ አትበሉት

ሸሕዲ ገበያ ላይ የጭስ እንጨት የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆሜ «ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?» አልኳቸው። «ወይራ ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። ቅጠሉ ገና ያልረገፈ ቅርንጫፍ መዘዝኩ። ወይባ ነው። ስነግራቸው «ያው ጭስ አይደል?» ብለው ሳቁብኝ።

ያው አይደለም።

ወይራ ምን እንደሚሠራ ለአማራ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፦ ጋንና የወተት ቅል ይታጠንበታል፣ እርፍ ይወጣዋል፣ ጥርስ ይፋቅበታል። ዘይት ከሚጨመቅበት ከባሕር ማዶው ዛፍ ጋርም ዝርያቸው አንድ ነው፤ የኛው ፍሬ ትንሽና ሥጋው ስስ ስለሆነ ነው ብዙ ዘይት የማይወጣው። ደብረ ዘይት የምንለውም የወይራ ተራራ ማለት ነው።

የኔ ነገር ግን አበባው ነው። የወይራ ቤተሰብ ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከደጋ ደን የሚገኘው ዳሞት ወይራና ሐረጉ ጠምበለል ሳይቀሩ የዚሁ ወገን ናቸው። ጠምበለልና ወይራ ምን አገናኛቸው የሚል ሰው አበባቸውን ከፍቶ ይቁጠር። የጠምበለል አበባ ቅጠሎች ይበዛሉ፣ የወይራ አራት ናቸው፤ የአበባ ዱቄት የሚያዝሉት ክሮች ግን በሁለቱም ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚያ ቅጠላቸውን ይይ፦ ፊት ለፊት እየተያየ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ወይባ እንመለስ። የወይባ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ጥንድ አይሆንም፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ዙሪያውን ይሰበሰባል። የወይራ ግን ጠባብ ነው፤ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ። የወይባ ፍሬ ክንፍ አለው፤ የወይራ ድብልብል ሆኖ ሲበስል ይጠቁራል። በስማቸው መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ በዝምድና ግን አይገናኙም።

አገራቸውም ለየቅል ነው። ከጎንደር ተነስቶ በአይከል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ደጋውን ሲለቅ ወይራውንም ይሰናበታል። በዚሁ መንገድ ያለችው ሸሕዲ ከ1000 ሜትር በታች ናት፤ ወይራ ይህን ሙቀት አይወድም። ስለዚህ እዚህ ገበያ «ወይራ» ሲሏችሁ ወይ ከደጋ የወረደ ነው፣ ወይ ሌላ ነው።

ጎረቤቴ ይህን ሳታጣራ ወይባ ገዝታ ጋኗን አጠነችበት። ጠላው ሲደርስ ቀምሳ «ይሄ የኔ ጠላ አይደለም» አለች። ጥፋቱ የወይባ አልነበረም፤ ወይባ ለሰው ገላ ጭስ የተመሰገነ ዛፍ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ሱዳን ብትገቡ ሴቶቹ ዱኻን ለሚሉት የገላ ጭስ ጣልሕ የሚባለውን ግራር ያጨሳሉ፤ ያን ደግሞ ማንም ወይራ አይለውም።

ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለገላ ጭስ ወይባ የሚበቃችሁ ሰዎች፣ በስሙ ጥሩትና ወይባ ግዙ፤ ወይራውን ለጋንና ለቅል ተዉት። ስትገዙም ቅጠሉ ያልረገፈውን ምረጡ፤ ጥንድ ካልሆነ ወይራ አይደለም።