ሠላሳ ጥያቄ ለእናት

አሜሪካ ውስጥ ልጇን ለ18 ወር ምርመራ ክሊኒክ ይዛ የሄደች እናት ተራዋን ስትጠብቅ አንድ መጠይቅ ይሰጣታል። ልጁ ኳስ በእግሩ ይመታል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ትንንሽ ኩቦችን ይደራርባል? መልሱ «አዎ»፣ «አንዳንዴ» ወይም «ገና» ነው፤ እንደ ቅደም ተከተላቸው 10፣ 5 እና 0 ይያዝላቸዋል።

በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ» ነው። ንግግርን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ የጣት ሥራን፣ ችግር መፍታትን፣ እንዲሁም ከሰው መግባባትንና ራስን መርዳትን አንድ ላይ አድርጎ በአምስት ክፍል፣ በየክፍሉ ስድስት ጥያቄ ያያል። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንዲህ ያለው ማጣሪያ በ9፣ በ18 እና በ30 ወር እንዲደረግ ይመክራል። ውጤቱ የበሽታ ስም አይሰጥም፤ ዝቅ ካለ ልጁ በባለሙያ ይታይ ማለት ነው።

እኛ ሐበሾች ቤት አንድ ነገር ልብ ይባል። ልጁ በማንኪያ ራሱን ይመግባል ወይ ሲባል፣ በጉርሻ የምታሳድገው እናት «ገና» ብላ ታልፋለች። ማንኪያውን ግን ማንም ሰጥቶት አያውቅም። መመሪያውም አስሞክረሽ መልሺ ይላል። አማርኛና እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ቃላቱ ከሁለቱም ይቆጠሩለታል። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም፤ «ግራ ገብቶት ነው» ብሎ አማርኛውን ማቋረጥ ከንቱ ኪሳራ ነው።

የመጠይቁ ውጤት ዝቅ ካለ ቀጣዩ በር «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» ነው፤ ኮንግረሱ በ1986 ባወጣው ሕግ የተጀመረ፣ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የቆመ ፕሮግራም። የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም፤ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። ምርመራው በነፃ ነው፤ ለአገልግሎቱ ግን የሚያስከፍሉ ግዛቶች አሉ። ባለሙያዋ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ ትመጣለች። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ለእናትየው ታሳያታለች፦ ሙዝና ወተት በሁለት እጅሽ ያዢ፣ «የቱን?» በዪው፣ እስኪጠቁም ወይም ድምፅ እስኪያወጣ ጠብቂ። ልጁ ሳይጠይቅ ማቅረብ ለለመደች እናት ከባዱ ይኸው መጠበቁ ነው።

«አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» የሚሉ ዘመዶች አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ። ሕጉ ግን ቀን ይቆጥራል፦ ጥቆማው በደረሰ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መጠናቀቅ አለባቸው። ለልጁ ሦስተኛ ልደት ከ45 ቀን ያነሰ ሲቀር ለተደወለ ጥሪ ግን ፕሮግራሙ የመመርመር ግዴታ የለበትም፤ ቤተሰቡን ወደ አካባቢው ትምህርት ቤቶች ይመራዋል።