ኃላፊነትና ወቀሳ በጠባብ ሽንፈት፦ ከዋሊያዎቹ የ2005 እና የ2006 ዓ.ም. ጨዋታዎች አንጻር

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከቀሩት ሁለት ጨዋታዎች የመጀመሪያው ነበር። በኃይሉ አሰፋ ከዕረፍት በኋላ ባስቆጠራት ግብ ቡድኑ መምራት ቢችልም ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ጊዜ አስቆጠረ፤ ሁለተኛዋ ግብ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘች ነበረች። ከአራት ኪሎ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉ ሻይ ቤቶች እንዲህ ያለ ሽንፈት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ያስበላን ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በነጠላ ቁጥር የቀረበ በመሆኑ መልሱም አንድ ሰው እንዲሆን ያስገድዳል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግብ ጠባቂው፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው አጥቂ ወይም በመጨረሻዋ ደቂቃ የተሳሳተው ተከላካይ ነው።

ልማዱ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እግር ኳስ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ የቡድኑ ድልና ሽንፈት እንደ ግል ታሪኩ በስሙ ይቆጠራል። በዓለም እግር ኳስ ከተመዘገቡት ወቀሳዎች ሁሉ የከፋው ምናልባት የብራዚሉ ግብ ጠባቂ የሞአሲር ባርቦሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በማራካና ብራዚል አቻ ብትወጣ ዋንጫውን ታነሣ ነበር፤ በኡራጓይ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ ያችን ሁለተኛ ግብ ተሸክሞ ኖረ። የመጀመሪያዋ ግብ ባትቆጠርም ሆነ የብራዚል አጥቂዎች አንድ ግብ ቢጨምሩ ውጤቱ ያው አቻ ይሆን እንደነበር ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ይህን የስሌት ግድፈት ለመመርመር ሃና ቾክለርና ጆሴፍ ሃልፐርን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ትንተና ይረዳል። እነዚህ ተመራማሪዎች በተለምዶ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። ኃላፊነት አንድ ድርጊት ለተፈጸመው ውጤት ምን ያህል ወሳኝ እንደነበረ የሚለካ ሲሆን፣ ወቀሳ ግን አድራጊው ድርጊቱን ከመፈጸሙ በፊት ያውቅ ከነበረው ጋር የተያያዘ ነው። ለኃላፊነት የሰጡት ምሳሌ የምርጫ ድምፅ ነው። አንድ ዕጩ 11 ለ 0 ቢያሸንፍ፣ የአንዱ መራጭ ድምፅ ወሳኝ እንዲሆን ሌሎች 5 መራጮች ሐሳባቸውን መቀየር አለባቸው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ኃላፊነት አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ያው ዕጩ 6 ለ 5 ቢያሸንፍ ግን የስድስቱም ደጋፊዎች ኃላፊነት ሙሉ፣ ማለትም 1 ነው።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በሚታየው የስፖርት ዓይነት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሯጭ ብቻውን ስለሚሮጥ ሽንፈቱን የሚጋራው ሰው የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ቴርጋት የተሸነፈው በስንተኛው ዙር ነው? ዓይን የሚያየው የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ነው፤ ነገር ግን ከ25ቱ ዙሮች በየትኛውም 9 መቶኛ ሰከንድ ሊገኝ ወይም ሊጠፋ ይችል ነበር። ልዩነቱ በጠበበ መጠን ወሳኝ የሚሆኑት አጋጣሚዎች ይበዛሉ።

ወደ ዋሊያዎቹ ስንመለስ ውጤቱ ያስገርማል። ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲሸነፉ፣ አንዲት ግብ ለሽንፈቱ ወሳኝ እንድትሆን ሌሎቹ ሦስቱ መሰረዝ ነበረባቸው፤ የእያንዳንዷ ድርሻ አንድ አራተኛ ነው። በጥቅምቱ 2 ለ 1 ግን የገቡት ሁለቱም ግቦች፣ ሳይገቡ የቀሩት የኢትዮጵያ ዕድሎችም፣ ኳሷ መስመሩን አልፋለች ተብሎ ክርክር ያስነሣው የዳኞች ውሳኔም እያንዳንዳቸው ሙሉ ኃላፊነት ይይዛሉ። ድምሩ ከመቶ እጅጉን ያልፋል። «ከሽንፈቱ ስንት በመቶው የእሱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠባብ ሽንፈት እንደ ዳቦ ተቆርሶ የሚከፋፈል ነገር አይደለም። አንዱን ሰው መርጦ «ወሳኙ የእሱ ስሕተት ነበር» ማለት ሐሰት ሳይሆን ያልተሟላ እውነት ነው፤ ጉልበት የሚያገኘውም ከዚሁ ነው።

ኃላፊነት ሁሉንም እኩል ካደረጋቸው የሚለያቸው ወቀሳ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ትንሽ ቆይቶ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ በፈጸመው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ከዕረፍት በፊት አስቆጠረች። በ10 ተጫዋቾች የቀረውን ቡድን አቻ ያደረገው አዳነ ግርማ ነበር። ድሉ ለመቅረቱ የሳላዲን ምትም የጀማል አወጣጥም ወሳኝ ነበሩ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከፕሮፌሽናል ፍጹም ቅጣት ምቶች ሩብ ያህሉ አይገቡም፤ ኳሱን ለዋናው አጥቂ መስጠት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ውጤቱ ስለ ከፋ ውሳኔው አይከፋም። የግብ ጠባቂው ድርጊት ግን ቀይ ካርድ ሊያስከትል እንደሚችል አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ወቀሳው ከሳላዲን ይልቅ ወደ እሱ ያደላል። ቢሆንም ውሳኔው የተወሰነው በሰከንድ ክፋይ ውስጥ መሆኑ ወቀሳውን ያቀልለዋል፤ ቴሌቪዥን ላይ በዝግታ ደጋግሞ ላየው ተመልካች የተገለጠው ነገር ለእሱ አልተገለጠለትም ነበር።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ፤ በእግር ኳስ ወግ ብዙም የማይነሣው እሱ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ብታሸንፍም፣ በሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ የታገደ ተጫዋች በመሰለፉ ውጤቱ ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፈች ተቆጠረ። ካርድ መቁጠር ፋታ የሚሰጥ የጽሕፈት ሥራ ነው። የሚያስጨንቅ አጥቂም ሆነ የሚጮህ ተመልካች የለበትም፤ ደንቡም የታወቀ ነው። በወቀሳ ሚዛን ከዚህ የሚከብድ ስሕተት በዚያ ማጣሪያ አልታየም። ነገር ግን ቡድኑ ሦስቱን ነጥቦች አጥቶም ምድቡን በ13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካን በ2 በልጦ ጨረሰ። ስሕተቱ ምድቡን ለማሸነፍም ሆነ ላለማሸነፍ አንዳች ለውጥ ባለማምጣቱ፣ ከፍተኛ ወቀሳ የሚገባው ድርጊት የምድቡን አሸናፊ በመወሰን ረገድ ኃላፊነቱ ባዶ ሆነ። ሁለቱ መለኪያዎች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያዳግታል።

ትንተናው ገደብ አለው። ድርጊቶችን አንድ በአንድ ነቅሎ «ይህ ባይሆን ኖሮ» ሲል የቀረው ጨዋታ ሳይለወጥ እንደሚቀጥል አድርጎ ይወስዳል። ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በካላባር በተደረገው የመልስ ጨዋታ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ድምሩ 4 ለ 1 ሆነ። በወረቀት ላይ የአዲስ አበባዋን የመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት ብንሰርዝ ድምሩ 3 ለ 1 ከመሆን አያልፍም፤ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ ሙሉ የነበረው ኃላፊነት በሁለቱ ድምር ይሳሳል። ይሁንና 1 ለ 1 ይዞ ወደ ካላባር የሚጓዝ ቡድን በሜዳው ተሸንፎ እንደሚጓዝ ቡድን አይጫወትም፤ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚያሰልፉትም፣ ናይጄሪያ የምትደፍረውም ሌላ ይሆን ነበር።