ለጥየቃ መጥተው ሲቀሩ

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ዋሽንግተን ዳለስ ባረፈ ቁጥር በዊልቸር እየተገፉ ከሚወጡት መንገደኞች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። አንዷ አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ፣ ሌላዋ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሳ ሊያዩ፣ አንዱ አባት ደግሞ ዲቪ ደርሶት የሄደውን ልጃቸውን ከዓመታት በኋላ በዓይናቸው ሊያዩት መጥተዋል። ሻንጣቸውን ከማንሳታቸው በፊት ግን የድንበር መኮንኑ በአስተርጓሚ ይጠይቃቸዋል። «ለምን መጡ? መቼ ይመለሳሉ?» መልሱ በአብዛኛው አንድ ነው። «ልጄን ልጠይቅ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ።»

ብዙዎቹ ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው። ቤታቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው ነው የመጡት። ወራት ሲያልፉ ግን ነገር ይለወጣል። በስልክ «እኔ ደህና ነኝ» ሲሉ የኖሩት እናት ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸው እዚህ ይታወቃል። የመጡበት አካባቢ ሰላም ያጣል። አገር ቤት የቀረችው አስታማሚ እህት ታገባለች፣ ወይም እሷም ወደ አረብ አገር ትሄዳለች። ልጆቹም እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ላይ ተቀምጠው ነገሩን ያነሱታል። «እማዬ፣ ለምን አትቀሪም? እዚሁ ፕሮሰስ እናድርግልሽ።»

ይህ ወሬ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አሌክሳንድሪያም፣ ሚኒሶታም በየአበሻው ቤት ሲነሳ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የሚነሳበት መንገድ ነው። ስለ ፎርሙ፣ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ኢንተርቪው ሌሊቱን ሙሉ እናወራለን። ግሪን ካርዱ ከመጣ በኋላ ስላሉት ዓመታት፣ ማን እንደሚያሳክማቸው፣ ቀን ቀን ከማን ጋር እንደሚውሉ ግን እምብዛም አናወራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለጉዳዮቹን እራሳቸውን መጠየቅ እንረሳለን።

ሕጉ እንደሚወራው የተዘጋ አይደለም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 በነጻነት ሐውልት ሥር የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ የአሜሪካ ዜጎችን ወላጆች ከኮታ ውጪ አድርጓቸዋል። ልጁ 21 ዓመት የሞላውና ዜጋ ከሆነ ለእናትና ለአባቱ ያመለክታል፤ የዓመታት ወረፋ የለም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ ግን ለወላጅ ማመልከት አይችልም። በዲቪ የገባ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ በጥቅሉ አምስት ዓመት መጠበቅ ስላለበት ብዙ ወላጆች በመሐል ያረጃሉ። በጎብኚ ቪዛ በሕጋዊ መንገድ የገቡ የዜጋ ወላጆች ደግሞ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ ሆነው ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላሉ። የልጁን ማመልከቻ፣ አይ-130ን፣ እና የወላጁን፣ አይ-485ን፣ አብሮ ማስገባት ይፈቀዳል። የመቆያ ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ቢያመለክቱም ሕጉ ለዜጋ ወላጆች ይህን በር አልዘጋም፤ ያም ሆኖ ጊዜ ማሳለፍ የራሱ አደጋ አለው።

ጊዜው ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ መግባት የሚቻልበትን ጊዜ እንጂ መቆየት የሚቻልበትን አይናገርም። መቆያውን የሚወስነው ሲገቡ የሚመዘገበው አይ-94 ነው፤ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። በ2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ ሦስት ወር ሲሞላ እናታቸውን ለመመለስ የተጣደፉ ልጆች ነበሩ። አይ-94ቱን ከኢንተርኔት አውጥቶ ማየት ይበቃቸው ነበር።

ትልቁ ጣጣ ሐሳብ ነው። በጎብኚ ቪዛ የሚመጣ ሰው ለመቅረት አስቦ መምጣት የለበትም፤ ከመጣ በኋላ ሐሳቡን መለወጥ ግን ወንጀል አይደለም። በመካከላቸው ያለውን ስስ መስመር ሕዝቡ «የ90 ቀን ሕግ» በሚል ወሬ ተክቶታል። 90 ቀን ካለፈ በኋላ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ምንም አይሆንም፣ ከዚያ በፊት ያስገባ ግን አለቀለት ይባላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የ90 ቀኑ መለኪያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2017 ለቆንስላ ሠራተኞቹ ያወጣው መመሪያ ነው፤ ማመልከቻውን እዚህ የሚያየው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በእሱ አይታሰርም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በበኩሉ ከ1980 ጀምሮ ባሉ ውሳኔዎቹ፣ አመልካቹ የዜጋ የቅርብ ቤተሰብ ከሆነ አስቀድሞ ለመቅረት ማሰቡ ብቻውን ማመልከቻውን ሊያስጥለው እንደማይገባ አሳይቷል።

ውሸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ማንም እንዲዘናጋ አልፈልግም። ቤቱን ሸጦ፣ ዕቃውን አከፋፍሎ፣ ልጁ ፎርሙን ሞልቶ እየጠበቀው «ለሦስት ሳምንት ነው የመጣሁት» ያለ አባት፣ ቪዛ ወይም መግቢያ በሐሰት ቃል እንዳገኘ ከተቆጠረ ለዘለቄታው ይከለከላል። ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ምሕረቱ የሚሰጠው ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ በእጅጉ እንደሚጎዳ ሲረጋገጥ ነው። የልጅ ጉዳት ለዚህ አይቆጠርም። የሰባ ዓመት አባት አሜሪካ ውስጥ ያላቸው ልጅ ብቻ ነው። ልጃቸው ያመለክትላቸዋል እንጂ ሊያድናቸው አይችልም። «አውሮፕላን ማረፊያ እንዲህ በይ፣ እንዲህ አትበይ» እያሉ እናቶችን የሚያስጠኑ ሰዎች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም፤ የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ባሰ።

ሌላው መከራ ዝምድናን ማስረዳት ነው። በእኛ አጠራር ልጅ የአባቱን ስም ይከተላል፤ እናት ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ የልጁ ፓስፖርትና የእናቱ ፓስፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያገናኛቸው አንድም ስም የለም። የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። አገራችን ግን በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረችው በፈረንጆቹ 2016 ነው። በ1980ዎቹ የተወለደ ልጅ የሚያቀርበው የልደት ወረቀት አምና የወጣ ሊሆን ይችላል፤ መርማሪውም ከሰላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተጻፈ ወረቀት አይቶ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። ያኔ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የዘመድ ምስክርነት ይፈለጋል፤ አንዳንዴም የዲኤንኤ ምርመራ ይታዘዛል።

የቀን አቆጣጠሩ ደግሞ አለ። አንዲት ከደሴ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ወረቀታቸውን ዘርግተው አሳይተውኛል። የቀበሌ መታወቂያቸው 1948 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። የድሮ የሥራ መረጃቸው ላይ ያው 1948 እንዳለ በእንግሊዝኛ ተገልብጧል። ፓስፖርታቸው 1956 ይላል። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያይ የማያውቅ ሰው ሁለት ሴቶች ያሉ ይመስለዋል። ስማቸውም «ጸ»ን በላቲን ሦስት ዓይነት አድርገው በጻፉ ሠራተኞች እጅ አልፏል። እሳቸው አንድም አልዋሹም፤ ግን በየወረቀቱ ላለው ልዩነት ማብራሪያ ጽፈው ማያያዝ ነበረባቸው። ወላጆቹ አገር ቤት ሳሉ፣ ወረዳው በእግር መንገድ ላይ እያለ ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በውክልና ማስተካከል ግን ሌላ ሥራ ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የአይ-485 ክፍያ ለአንድ ሰው 1,440 ዶላር ነው፤ በወረቀት የሚገባ አይ-130 675 ዶላር ይጨመርበታል። ለእናትና ለአባት በየራሳቸው ነው የሚከፈለው። ልጁ ደግሞ አይ-864 የሚባለውን የድጋፍ ቃል ይፈርማል። ገቢው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ በታች መሆን የለበትም። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት ሁለት ወላጅ ሲጨምር ስድስት ሰው ይሆናል፤ በ2025 መለኪያ ወደ 54,000 ዶላር የሚጠጋ የዓመት ገቢ ያስፈልገው ነበር። ያ ፊርማ ወላጁ ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ የሥራ ታሪክ እስኪመዘገብለት፣ ወይም አሜሪካን ለቆ እስኪሄድ፣ ወይም እስኪሞት ያስራል። ወንድማማቾች ተመካክረው ከመካከላቸው ማን ቢፈርም እንደሚሻል መወሰን ሲገባቸው፣ ብዙ ጊዜ ወላጆቹ ያረፉበት ቤት ባለቤት ብቻውን ይሸከመዋል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ያለው ጥበቃ ለእናቶች ከባዱ ወቅት ነው። አድቫንስ ፓሮል የሚባለው የጉዞ ፈቃድ ሳይያዝ ከአገር ከተወጣ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ይህ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። በሰው ላይ ሲደርስ ግን፣ ወንድማቸው አገር ቤት ማረፉን በስልክ የሰሙ እናት ድንኳኑ የተተከለበት ግቢ ሄደው ማልቀስ አይችሉም ማለት ነው። እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ የማያውቋቸው የልጃቸው ጓደኞች እየመጡ «እግዜር ያጽናዎት» ይሏቸዋል። ለድንገተኛ ሐዘን ፈቃዱ በአስቸኳይ የሚጠየቅበት አሠራር አለ። ቢሆንም ፈቃዱ ወጥቶ፣ ቲኬት ተቆርጦ እስኪደረስ ሰልስቱ ያልፋል። የመቆያ ጊዜያቸውን አሳልፈው የነበሩ ወላጆች ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ጠበቃ ማማከር አለባቸው፤ ከ180 ቀን በላይ ያለፈበት ሰው ሲወጣ የሦስት ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈበት ደግሞ የአሥር ዓመት እገዳ ሊመጣበት ይችላል።

ከዚያ ካርዱ ይመጣል። ቤቱ ይደሰታል፣ ድግስ ይደገሳል። እኔ ጥያቄዬን የምጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የመንግሥት ድጎማ ማሻሻያ ሕግ አዲስ ባለ ግሪን ካርዶች በአብዛኛው ለአምስት ዓመት ሜዲኬድ እንዳያገኙ አድርጓል። እዚህ ሠርተው ያልከፈሉ፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ወላጆች ሜዲኬርን በራሳቸው ገንዘብ መግዛት የሚችሉትም አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው፤ ያኔም የሆስፒታሉ ክፍል ብቻ በ2025 ተመን በወር እስከ 518 ዶላር ይደርስ ነበር። በመካከል ያለው አማራጭ በመንግሥት የመድን ገበያ ኢንሹራንስ መግዛት ነው፤ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ገቢያቸው እጅግ አነስተኛ ለሆኑ አዲስ ነዋሪዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አጥብቦታል። የጎብኚ ኢንሹራንስ ደግሞ አስቀድሞ የነበረ ሕመምን በአብዛኛው አይሸፍንም። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የ70 ዓመት እናት አምስት ዓመት በዚህ መካከል ይኖራሉ። የአንድ ሌሊት የድንገተኛ ክፍል ሒሳብ የቤቱን የብዙ ወር ገቢ ሊበላ ይችላል።

ቀኑ ደግሞ አለ። ልጅና ምራት ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እናት ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ይቀራሉ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋውን አይችሉም፣ ክረምቱ ሲመጣ ደጅ መውጣት ይፈራሉ። አገር ቤት የማኅበር ጽዋ የሚያዞሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። እዚህ ተፈላጊነታቸው ሕፃን መያዝ ላይ ያበቃል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜ የለውም። አገር ቤት ደርሰው መመለስ ቢያምራቸውም ከስድስት ወር በላይ ከቆዩ ሲመለሱ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቅረት ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ሆነው የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ዜግነት ቢመኙ፣ ያለ እንግሊዝኛ በአማርኛ የሚፈተኑት ከ55 ዓመት በላይ ሆነው በግሪን ካርድ 15 ዓመት ሲኖሩ ነው። በ68 ዓመታቸው ካርድ ያገኙ እናት 83 ዓመት ይሞላቸዋል ማለት ነው። የመርሳት ወይም ሌላ ከባድ የጤና ችግር ያለበት በሐኪም ማስረጃ ነጻ ሊደረግ ይችላል።

በወላጅ ማመልከቻ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው አይካተትም። እናት አገር ቤት የ15 ዓመት ልጅ ካላቸው እሱ አብሮ አይመጣም። እናቱ ካርዳቸውን ካገኙ በኋላ ለእሱ ለብቻው አመልክተው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዱን ልጅ ለማግኘት ሌላውን ጥለው የመጡ እናቶችን አውቃለሁ፤ የሚተኙት በአገር ቤት ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ያጠበቀ ለውጥ መጥቷል። ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቁሟል። ወላጆች አገራቸው ተቀምጠው፣ ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ ንብረታቸውን መልክ አስይዘው አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርበው የሚመጡበት መንገድ ከሁሉ የጸዳው ነበር። እሱ ሲቆም በጎብኚነት ገብቶ መቅረት እየፈተነ ይመጣል፤ የሐሰት ቃል አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ካናዳ በ2011 የጀመረችው ሱፐር ቪዛ መካከለኛ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ወላጅ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር የጤና መድን ይዞ ይገባል፤ ከ2022 ጀምሮ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት መቆየት ይችላል፤ ነዋሪ ለመሆንም አገሩን ለመተውም አይገደድም። አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖራት ከሚቀሩት ወላጆች ብዙዎቹ ባልቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን መሥራት እንችላለን። በዋሽንግተንና በአካባቢው ሰው ሲሞት ገንዘብ አዋጥተው አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚልኩ ዕድሮች አሉን፤ ሥራቸውም የሚያኮራ ነው። እነዚሁ ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የመድን ክፍያ የሚውል መዋጮ ቢጀምሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አረጋውያኑ አብረው ቡና የሚጠጡበት አዳራሽና የሚያመላልስ መኪና ቢያዘጋጁ፣ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ወረቀታቸውን ቢያዩላቸው ከአቅማችን በላይ አይሆንም። ለቀብር የምናዋጣው ገንዘብ ይህን ያህል ከተሰበሰበ ለዚህም ይሰበሰባል። ሐሳቡም በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ወላጆቹ ራሳቸው ተገኝተው በሚናገሩበት፣ መነሳት አለበት።