የአጃ መክሰስን በቤት ውስጥ ማዘጋጀት፡ ስኳሩን መቀነስ ቀላል ነው፤ ኦቾሎኒውስ?

በናይሮቢ ሱፐርማርኬቶች ከብስኩትና ከቸኮሌት ጎን ከአጃ፣ ከደረቅ ፍራፍሬና ከኦቾሎኒ የተሠሩ፣ “ግራኖላ ባር” የሚባሉ መክሰሶች ይደረደራሉ። ለጤና ተስማሚ ተብለው ቢሸጡም፣ በብዙዎቹ የይዘት ዝርዝር ውስጥ ስኳር ወይም የግሉኮስ ሽሮፕ ከፊት ተርታ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ይህን መክሰስ በቤት ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ሐሳቡም ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያውያን መንገደኞች በሶ አሽተው ጭብጦ ሲሰንቁ ኖረዋል። በኬንያ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ኦቾሎኒ ወይም ኮኮናት በስኳር ተጣብቆ የሚሠራው ካሻታ የታወቀ ነው።

በቤት የሚያዘጋጅ ሰው የስኳሩን መጠን ራሱ ይወስናል። ይሁን እንጂ የምድጃ ሙቀት የማያስወግደው አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም ከኦቾሎኒው ጋር ሊመጣ ይችላል።

ምን ያስፈልጋል?

አብዛኛው ግብዓት በኬንያ ይመረታል። ኦቾሎኒ በስፋት ከምዕራብ ኬንያ፣ ካሹ ከባሕር ዳርቻው፣ ማካዳሚያ ከኬንያ ተራራ ዙሪያ፣ ማንጎ ደግሞ ከማኩዌኒ ይመጣል።

ለ12 ቁራጭ የሚከተለው ይበቃል፦

• የተዳመጠ አጃ፣ 200 ግራም
• ተቆልቶ የተፈለጠ ኦቾሎኒ፣ 100 ግራም
• ሰሊጥ ወይም ሱፍ፣ 30 ግራም
• ፍሬው የወጣለት ተምር፣ 120 ግራም
• የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 100 ግራም
• ማር፣ 80 ግራም (4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)
• ጥቂት ጨው

አዘገጃጀት

አጃው በመጥበሻ ላይ መዓዛው እስኪወጣ በቀስታ ይታመሳል። ተምሩ ለ10 ደቂቃ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ከተጠነፈፈ በኋላ ይደቆሳል። ማሩና የኦቾሎኒ ቅቤው በመለስተኛ እሳት ይሞቃሉ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ይለወሳል።

ውህዱ ወረቀት በተነጠፈበት መጋገሪያ ላይ በማንኪያ ጀርባ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። ኦቨን ከሌለ ሳይጋገር በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ መክሰሱ የሚፈረካከሰው ሳይጠቀጠቅ ሲቀር ወይም ትኩስ ሳለ ሲቆረጥ ነው። ማሩና ተምሩ አጃውን አጥብቀው የሚይዙት ሲቀዘቅዙ ነው።

ስኳሩ ምን ያህል ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለምግብ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ለአንድ አዋቂ 5 በመቶ ማለት 25 ግራም ገደማ ነው። ማርም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

ከላይ በተገለጸው መጠን ከማሩ ለአንድ ቁራጭ የሚደርሰው ስኳር 5 ግራም ገደማ ነው። ነገር ግን አንዱ ቁራጭ ከ200 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስለሚይዝ፣ በቤት መሠራቱ ብቻ ያሻውን ያህል ለመብላት ምክንያት አይሆንም።

እሳት የማያጠፋው መርዝ

አፍላቶክሲን በደንብ ባልደረቀ ወይም እርጥበት ባለበት በተከማቸ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በተበከለ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የኬንያ የደረጃዎች ቢሮም በ2019 በዚሁ ምክንያት የበቆሎ ዱቄትና የኦቾሎኒ ቅቤ ምርቶችን ከገበያ አግዷል።

መቁላት መጠኑን ሊቀንስ ቢችልም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ከምድጃው በፊት ያለው ለቀማ ነው፤ የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚመር ፍሬ መጣል አለበት። ኦቾሎኒ ከተፈጨ በኋላ ግን መጥፎውን ከደህናው መለየት አይቻልም። ቅቤውን ራስ ከለቀሙት ኦቾሎኒ ፈጭቶ ማዘጋጀት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ለቀማ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ መርዙ በዓይን አይታይምና። ጥቂት በጥቂት መግዛትና በደረቅ ቦታ ማስቀመጥም ይረዳል።

ማን ይጠንቀቅ?

ማር ቦቱሊዝም ለተባለ ከባድ ሕመም ሊያጋልጥ ስለሚችል አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። መክሰሱን ለትምህርት ቤት የሚቋጥሩ ወላጆችም አብሮ የሚበላ ልጅ የኦቾሎኒ አለርጂ ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ይገባቸዋል።

የተዘጋጀው መክሰስ በተከደነ ዕቃ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል።