የታመቀ አየር ጩኸትና ማፈኛው

በታመቀ አየር የሚሠራ ማሽን በይበልጥ የሚጮኸው ሥራውን ጨርሶ አየሩን ሲተፋ ነው። ኮምፕረሰሩ አየሩን በአብዛኛው ከ6 እስከ 7 ባር ግፊት ድረስ ያምቀዋል፤ አየሩም በቱቦ ተጉዞ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑን ለመመለስ ቫልቩ አቅጣጫ ሲቀይር፣ የገፋው አየር በቫልቩ መውጫ ቀዳዳ ተለቅቆ ይወጣል። ጠርሙስ የሚሞላ ወይም ካርቶን የሚያሽግ ማሽን ይህን ቀኑን ሙሉ ሲደጋግም ይውላል። አውቶቡስ ፍሬኑን ሲለቅ የሚያሰማው «ፉስስ» የሚል ድምፅም ምንጩ ይኸው ነው።

የጩኸቱ መነሻ ፍጥነት ነው። በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ የሚያልፈው በድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ300 ሜትር በላይ እየተወረወረ ነው። ይህ ጅረት በጸጥታ ከቆመው የክፍሉ አየር ጋር ሲፋተግ በየአቅጣጫው ይሽከረከራል፣ ይናወጣል፤ ጆሮ የሚሰማው ይህን መናወጥ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጅረት የሚያወጣው የድምፅ ኃይል ከፍጥነቱ ስምንተኛ ርቢ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳይቷል። ላይትሂልን ያሳሰበው የጄት አውሮፕላን ነበር፤ ስሌቱ ግን ለፋብሪካም ይሠራል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ የድምፁ ኃይል ወደ 256ኛ እጅ፣ በመለኪያ ቋንቋ 24 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ አየሩን ማዘግየት የወጣውን ድምፅ ከማሳደድ እጅግ ያዋጣል።

በቫልቩ መውጫ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ሳይለንሰር (የድምፅ ማፈኛ) የሚሠራውም ይህንኑ ነው። የመኪና ማርሚታ የድምፁን ሞገድ በክፍሎቹ ውስጥ እያንጸባረቀ ያዳክማል፤ ይህኛው በአመዛኙ አየሩን ይበትነዋል። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ከነሐስ ዱቄት የተሠራ ነው። ጥቃቅን የነሐስ እንክብሎች በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞሉና ሳይቀልጡ እርስ በርስ እስኪጣበቁ ድረስ ይጋላሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የአየሩ መንገድ ይሆናል። ከፕላስቲክ፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከተጠቀጠቀ ሽቦ የሚሠሩም አሉ። በአንድ ቀዳዳ ይወረወር የነበረው አየር ሰፊ ገጽ ላይ ባሉ እልፍ ቀዳዳዎች ተከፋፍሎ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሌላም ጥቅም አለው፤ የጅረቱ ስፋት በአሥር እጅ ሲጠብ የድምፁ ድግግሞሽ በአሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከሰፊው ቀዳዳ በሺዎች በሚቆጠር ኸርዝ የሚወጣው ጩኸት ከጥቃቅኖቹ ሲወጣ በከፊል ከ20,000 ኸርዝ፣ ማለትም ከሰው የመስማት ወሰን በላይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። አየሩን የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ወደኋላ ይገፋል፤ ሲሊንደሩም አየሩን ቶሎ ካልተነፈሰ ፒስተኑ ይጎተታል። ሳይለንሰሩ ከቫልቩ አንጻር ትንሽ ሆኖ ከተመረጠ ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን ይታያል፤ ልኩ ትክክል ከሆነ ደግሞ ቀስ እያለ ይመጣል። ከኮምፕረሰሩ የሚመጣ ዘይት፣ ውኃና የቱቦ ዝገት ክፍተቶቹን ይደፍናቸዋል። ማሽኑ ሲያዘግም ሠራተኛው ሳይለንሰሩን ፈትቶ ይጥለዋል፤ ማሽኑ እንደገና ይፈጥናል፣ አዳራሹም እንደገና ይጮኻል። ፈትቶ መሞከሩ ራሱ ጥሩ ምርመራ ነው፤ ስህተቱ ሌላ ሳይተኩ መተው ነው። ጥፋቱም በአብዛኛው የሳይለንሰሩ አይደለም፤ አየሩን ማጥራትና ማድረቅ የነበረበት ፊልትሮ ችላ ተብሏል። የነሐሱ በሚያሟሟ ፈሳሽ ታጥቦ ከውጭ ወደ ውስጥ አየር ሲነፋበት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ርካሹን የፕላስቲክ መለወጥ ይቀላል።

ቫልቮች በብዛት በተደረደሩበት ቦታ መውጫዎቻቸውን በአንድ ሰፊ ቱቦ ሰብስቦ ከአዳራሹ ማስወጣት ይቻላል፤ ቱቦው ከጠበበ ግን የአንዱ ሲሊንደር ትንፋሽ የሌላውን ያውካል። ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚረሳው ዘዴ ግፊቱን መቀነስ ነው። ፒስተኑ ባዶውን ሲመለስ የሙሉ ግፊት ጉልበት አያስፈልገውም፤ በመመለሻው መስመር ላይ ግፊት መቀነሻ ቢገባ ጩኸቱም የአየር ፍጆታውም አብሮ ይቀንሳል። በአየር ሽጉጥ አቧራ ለማራገፍም በተቆረጠ ቱቦ ፋንታ፣ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትና የአካባቢውን አየር አብሮ የሚስብ አፍ ይመረጣል።

በአውሮፓ ኅብረት የ2003 እ.ኤ.አ. መመሪያ የሠራተኛው የቀን አማካይ መጋለጥ ከ80 ዴሲቤል ሲያልፍ አሠሪው የጆሮ መከላከያ ማቅረብ አለበት፤ 85 ሲደርስ መልበሱ ግዴታ ይሆናል፤ መከላከያው የሚቀንሰው ታስቦ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ከ87 ማለፍ አይፈቀድም። መመሪያው ጩኸቱን ከምንጩ መቀነስን ያስቀድማል።

በመጠን ትልቁ ሳይለንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የታመቀውን አየር በሚያደርቀው መሣሪያ ላይ ነው። ባለ ሁለት ማማ ማድረቂያ በየጥቂት ደቂቃው የአንዱን ማማ ግፊት በአንድ ጊዜ ያራግፋል፤ ከማማው የሚወጣው የማድረቂያ ንጥረ ነገር ብናኝም መውጫውን ቶሎ ይደፍነዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ሳይለንሰሮች፣ ቢደፈኑ ተከፍቶ አየሩን የሚያስወጣ የደኅንነት ቫልቭ ተገጥሞላቸው ይሠራሉ።