ድንች ድንች የሚሸተው ጭስ

የትራፊክ ፖሊስ መኪና አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ቦሎ ሲያይ፣ ጎማ በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ ሁላችንም አይተናል። የጭስ ሽታ ተከትሎ መኪና ሲያስቆም ግን ማን አይቶ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ዌልስ፣ በስዋንሲና በላኔሊ አካባቢ የሆነው ይኸው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት የምግብ ዘይት ሽያጭ ከወትሮው በላይ አሻቀበ። የአካባቢው ሰው ድንገት ጥብስ አብዝቶ አልነበረም። ዘይቱ ከመጥበሻው ይልቅ ወደ መኪና ሰልባትዮ እየገባ ነበር። ፖሊሶችና የቀረጥ ሠራተኞች ድንች ድንች የሚሸት ጭስ የሚያወጡ ያረጁ የናፍጣ መኪናዎችን እየለዩ ማስቆም ያዙ። ጋዜጦቹም ዝነኛውን የለንደን ፖሊስ ቡድን መጠሪያ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ለውጠው «ጠባሹ ጓድ» የሚል ስም አወጡላቸው።

ጥፋቱ ምን ነበር? ዘይቱ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ መኪናውም የባለቤቱ ነው። ነገር ግን በጊዜው በእያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ላይ 46 ፔንስ ገደማ ቀረጥ ነበረበት። ሕጉ መኪና የሚነዳበትን ፈሳሽ ሁሉ እንደ ነዳጅ ስለሚቆጥር፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ ዘይት የገዛው ሹፌር ሳይታወቀው ግብር ሰዋሪ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ያስቃል። ከሳቁ በታች ግን አንድ መቶ ዓመት ያለፈው ጥያቄ አለ። ሞተሩ ዘይት ይጠጣል ወይ የሚለው ቀድሞ የተመለሰ ነው፤ ዘይቱ ለስንት ሰው ይበቃል የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሩዶልፍ ዲዝል የመጀመሪያውን የተሳካ ሞተሩን አውግስቡርግ ላይ ያሠራው በ1897 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከእነዚሁ ሞተሮች አንዱ በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ሞተሩ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ሲሆን፣ ምንም ሳይለወጥበት ነበር የለውዙን ዘይት ተቀብሎ የሠራው፤ ከጎብኚዎቹም ልዩነቱን ያስተዋሉት ጥቂት ነበሩ። ሙከራው የፈረንሳይ መንግሥት ፍላጎት ነበር። ፈረንሳይ ይህን የፈለገችው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ አስባ እንዳይመስላችሁ። በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ለውዝ እንደ ልብ ይበቅላል፤ ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ደግሞ በመርከብ መጓዝ አለበት። ዲዝል ራሱ ይህን ታሪክ በ1912 ሲያወሳ የእፅዋት ዘይት አንድ ቀን ትልቅ ቦታ ሊይዝ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 29 ቀን 1913፣ ወደ እንግሊዝ ከሚሻገርበት «ድሬስደን» ከተባለ መርከብ ላይ ሌሊት ተሰወረ። ሐሳቡም አብሮት ሰጠመ ማለት ይቻላል፤ ርካሹ ናፍጣ ገበያውን ያዘና የለውዙን ዘይት ለረጅም ጊዜ የሚያስታውሰው ጠፋ።

የዘይትንና የናፍጣን ልዩነት ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። በኅዳር ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ ከሸማቾች የተገዛ የፓልም ዘይት ከጀሪካን ለመቅዳት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ዘይቱ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ጀሪካኑን ቢዘቀዝቁት ጉሮሮው ላይ ቆሞ አልወርድ ይላል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ናፍጣ በዚያው ማለዳ እንደ ውኃ ይፈስሳል። የማይረጋው የጎመን ዘር ዘይት እንኳ 40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል። እስከ 70 እና 80 ዲግሪ ሲሞቅ ግን እየቀጠነ ሄዶ ወደ ናፍጣ ይጠጋል። የዘይት ነጂዎች ጥበብ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ሙቀት።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የለውም። አየሩ በፒስተን ታምቆ ሲግል ፓምፑ ነዳጁን ገፍቶ በኖዝሉ ጫፍ እንደ ጉም ይነፋዋል፤ ያን ጊዜ ራሱ ይቀጣጠላል። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ከሆነ ጉም መሆኑ ቀርቶ እንደ ሽንት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ገሚሱ ይነዳል፣ ገሚሱ ኖዝሉ ጫፍ ላይ ከስሎ ይቀራል፣ የተረፈው በፋሻዎቹ በኩል ሾልኮ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። እዚያም ከጊዜ ብዛት ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል። ክፉው ነገር ጉዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። መኪናው መጀመሪያ ላይ ከናፍጣው ይልቅ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ለጓደኛ ይመክራል። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ ነው ጉዱ የሚወጣው። በ1982 በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ፋርጎ ከተማ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተጠራው በነዳጅ መወደድ ምክንያት የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት በትራክተር ይሞከር ስለነበር ነው። የሚያሳስበውም ይኸው የካርቦን ክምችትና የሞተር ዘይት መወፈር ነበር።

አሮጌዎቹ መኪናዎች የተመረጡበት ምክንያት ፍቅር ብቻ አይደለም። ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይረጭ መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ የጋለች ክፍል ገብቶ የሚቀጣጠልባቸው ሞተሮች ወፍራም ነዳጅ ይችላሉ። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት መርሴዲስ 240ዲ እና 300ዲ በዘይት ነጂዎች ዘንድ እንደ ታቦት የሚታዩት ለዚህ ነው። በእኛ አገር ጋራዦች የሚታወቁት የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል፣ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድም ከዚሁ ዘር ናቸው። ፓምፑም ይለያያል። በመስመር የተደረደሩት የቦሽ ፓምፖች የራሳቸውን ጫና ይሸከማሉ፤ በነዳጁ የሚለሰልሱት የሉካስ ተሽከርካሪ ፓምፖች ግን በብርድ ወፍራም ዘይት ሲመጣባቸው ውስጣቸው ይሰበራል። ኮመን ሬል የተባለው አዲሱ አሠራርማ ጨርሶ አይነካካም።

ጠንቃቆቹ ሁለት ሰልባትዮ ያስገጥማሉ። መኪናው በናፍጣ ይነሣል፤ የራዲያተሩ ሙቅ ውኃ በዘይቱ ሰልባትዮና ቱቦ በኩል ዞሮ ዘይቱን ካሞቀ በኋላ ሹፌሩ ማብሪያ ተጭኖ ወደ ዘይት ይዞራል። ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መልሶ ወደ ናፍጣ ይቀይራል፤ አለዚያ ቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ለነገ ጠዋት ችግር ነው። የሬስቶራንት ትርፍ ዘይት የሚሰበስቡት ሥራቸው ይብሳል። ዘይቱ እንዲጠልል ለሳምንታት ይቀመጣል። ከዚያ የድንች ፍርፋሪው በማጥለያ ይለያል፤ ብዙዎች ጫፉ የተሰፋ የአሮጌ ጂንስ እግር ለዚህ ይጠቀማሉ። ውኃ እንዳለበት ለማወቅ ጠብታ ወስደው የጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፤ ከተንጣጣ ውኃ አለው፣ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነዳጅ ከመቆጠብ ይልቅ ትርፍ ጊዜውን የሚያጠፋበት ነገር ያገኘ ይመስለኛል።

ሌላው መንገድ ሞተሩን ትቶ ዘይቱን መለወጥ ነው። ዘይት ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲብላላ ግሊሰሪኑ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ቀጭን ባዮዲዝል ይቀራል። ቤልጅግ ውስጥ በ1937 ለተመሳሳይ አሠራር ፓተንት ተሰጥቶ፣ በተከታዩ ዓመት በፓልም ዘይት ውጤት የሚነዳ አውቶቡስ በብራስልስና በለቨን መካከል ተመላልሷል።

ጉዳዩን ከጋራዥ አውጥታ የመንግሥት ጉዳይ ያደረገችው ጀርመን ናት። ሉድቪግ ኤልስቤት የተባለ መሐንዲስ በቀጥታ በዘይት የሚሠራ ሞተር ሠራ፤ በ2000 በቫይንሽቴፋን የጎመን ዘር ዘይት ለነዳጅነት ሊያሟላው የሚገባ መለኪያ ወጣ፣ በኋላም ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። ዘይቱ ከነዳጅ ግብር ነፃ ስለነበር ገበሬውም የጭነት መኪና ባለቤቱም ተቀበለው። ብዙ ሰው ሲገባበት ግን የገንዘብ ሚኒስቴሩ ከግብር የሚጎድለውን መቁጠር ጀመረ። በ2008 በሊትር 10 የዩሮ ሳንቲም ገደማ ተጣለበት፤ በ2013 ታክሱ 45 ሳንቲም ደረሰ። ከእርሻ ሥራ ውጭ ያለው ገበያ በዚያው ሞተ። እንግሊዝ በተቃራኒው ከ2007 ጀምሮ በዓመት እስከ 2,500 ሊትር ለሚያመርት ሰው ቀረጡን ተወችለት። ጥበቡን አይታችሁልኛል? ጥቂት ከሆናችሁ አላየናችሁም፣ ከበዛችሁ ግን ትከፍላላችሁ ነው ነገሩ።

ሌላው ክርክር ከዚህ የመረረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 መመሪያው ከትራንስፖርት ነዳጅ 5.75 በመቶው በ2010 ከባዮፊውል እንዲሆን ግብ ሲያስቀምጥ፣ ያ ሁሉ ዘይት ከእርሻ ማሳ መምጣት ነበረበት። የምግብ ዋጋ በዓለም ሲንር፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ዣን ዚግለር በ2007 እህልን ወደ ነዳጅ መቀየር በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው እስከማለት ደረሱ። አነጋገራቸው የከረረ ነው፤ ግን በአንድ ጀሪካን ዘይት ዋጋ ቀኑ የሚውልበት አገር ሰው ነኝና እፍ ብዬ ላጠፋው አልችልም።

«እንግዲያው የተጠበሰበትን ትርፍ ዘይት እንጠቀም» ተባለ። ይህ የሚያጣላ አይመስልም ነበር። ሬስቶራንቶች ዘይቱን የሚወስድላቸው ሰው እየለመኑ፣ አንዳንዴም እየከፈሉ ያስወግዱት ነበር። ባዮዲዝል ፋብሪካዎች ሲበዙ ግን ያ ጥቁር ዘይት ዋጋ አወጣ፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ሌባ አያጣም። በአሜሪካ በሌሊት የሬስቶራንት በርሜል እየመጠጡ የሚሰወሩ ስለበዙ የሰሜን ካሮላይና ምክር ቤት በ2012 የወጥ ቤት ትርፍ ዘይት ስርቆትን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ ሕግ አወጣ። አውሮፓ ከትርፍ ዘይት የተሠራውን ነዳጅ ለግቧ ሁለት እጥፍ ስትቆጥር ደግሞ ከእስያ የሚመጣው «ያገለገለ» ዘይት እውነት ያገለገለ ነው ወይስ ትኩስ ፓልም የሚለው ጥርጣሬ መጣ። ለትርፍ ጊዜ ዘይት ነጂው በነፃ ይቀርብ የነበረው ጀሪካን የቀረው እንዲህ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። የዌልሱ ሹፌር ወደ ዘይት የሮጠው ዘይቱ ከናፍጣ ስለረከሰ ነው። እኛ ጋ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ይወደዳል። ትርፍ ዘይት እንሰብስብ ቢባልም ከየት? የቦንቦሊኖና የሳምቡሳ ዘይት እስኪጠቁር ይጠበስበታል እንጂ አይደፋም። መንግሥት በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥቶ በጃትሮፋና በጉሎ ተስፋ ተጥሎ ነበር፤ መሬት ከወሰዱት ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ ሳይዘልቁ ቀሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጥር 2018 የቃንታስ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶው የመጣው ካሪናታ ከሚባል ተክል ነበር። ከዚያ ቀደም በ2012 የካናዳ ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ በዚሁ ተክል ነዳጅ ጄት አብርረዋል። ካሪናታ ማለት የእኛው ጎመን ዘር ነው። እናቶቻችን ደቁሰው በጨርቅ ቋጥረው፣ እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱን የሚያሰሱበት።

መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ሰልፉ በረዘመ ቁጥርም «ዘይት ብንጨምርበትስ?» የሚል አይጠፋም። መኪናዎ ኮመን ሬል ከሆነ አይሞክሩት፤ የፓምፑና የኖዝሉ ዋጋ ከዘይቱ ይበልጣል። አሮጌው ላንድክሩዘር ከሆነ ይችላል፤ ሁለተኛ ሰልባትዮና ማሞቂያ ያስገጥሙለት፣ የሞተሩን ዘይት ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ባለሱቁ ጎራ ብለው ባለ 5 ሊትሩ ዛሬ ስንት እንደገባ ይጠይቁ።